የማን ልጅ ነህ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ሀይሌ ጋርመንት ከታክሲ ወርጄ ወደምኖርበት ኮንዶሚኒየም ስደርስ ጥበቃው በሩ ላይ አንድ ልጅ አቁሞ ይጠይቀዋል።

«የማን ልጅ ነህ?»

ልጁ የእናቱን ስም ተናገረ።

«ብሎክ ስንት?»

ዝም አለ። ጥበቃው አልተቆጣውም፤ በእጁ ብቻ ወደ ውጭ አመለከተው። ልጁ ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እሑድ እሑድ በማስተምረው የልጆች ክፍል ከፊት የሚቀመጥ፣ ጥያቄ የሚያበዛ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ከግቢያችን ማዶ፣ ከአስፋልቱ በታች ባሉት የጭቃ ቤቶች በአንዱ ከእናቱ ጋር ተከራይቶ ይኖራል።

«ቲቸር!» አለኝ ፈገግ ብሎ። እኔ ከመጣሁ ነገሩ እንዳለቀለት ገምቷል።

አላስገባሁትም። «ዛሬ አይቻልም፤ ነገ በቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን» ብዬው ገባሁ። ምክንያቱም ከሁለት ሳምንት በፊት በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ «ከነዋሪ ልጆች በስተቀር መጫወቻውን መጠቀም ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ እንዲለጠፍ እጃቸውን ካነሱት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ወዳጆቼ፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ መልሱን አግኝቼ ስለጨረስኩ አይደለም። ያን ቀን ከበሩ እስከ ቤቴ ያሉትን ደረጃዎች ስወጣ አንድ ጥያቄ አብሮኝ ወጣ፤ እስካሁን አልወረደም። ጥያቄው ይህ ነው፦ ገንዘብ አዋጥተን በምንጠብቀው የልጆች መጫወቻ ላይ የሌላ ሰው ልጅ መብት አለው? መብት ባይኖረውስ፣ እርሱን መከልከል የእኛ መብት ይሆናል?

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። አንድ ዥዋዥዌ፣ አንድ ሸርተቴ፣ ጥቂት አሸዋ። ነገር ግን ትልልቆቹ ጥያቄዎች ወደ እኛ ዘንድ የሚመጡት በትንንሽ በር ነው። ስለ መሬት፣ ስለ ሀብት፣ ስለ ባልንጀራ ምን እንደምናምን የሚታወቀው በስብከት ሰዓት «አሜን» ስንል ሳይሆን በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እጃችንን ስናነሳ ነው።

የኮሚቴው ሙግት

በመጀመሪያ ለኮሚቴው ፍትሐዊ እንሁን። በእኛ በወጣቶች ዘንድ አንድ ድካም አለ፤ የተቃወምነውን ሰው ልበ ደንዳና አድርገን ስለን ከዚያ በኋላ በቀላሉ እናሸንፈዋለን። የኮሚቴው ሰዎች ግን ልበ ደንዳና አይደሉም። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ ከሥራ የሚመለሰው ሰው ሁሉ በሚያርፍበት ሰዓት የመብራት ቆጣሪና የፍሳሽ ጉዳይ ይዘው የሚሯሯጡት እርሳቸው ናቸው፤ ያለ ደመወዝ።

ያቀረቡት ምክንያት ሦስት ነበር። አንደኛ፣ የዥዋዥዌው ሰንሰለት በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ተበጥሷል። ብየዳውን የከፈሉት ነዋሪዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ከሸርተቴው ላይ በትልልቅ ልጆች ግፊያ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ትልልቆቹ ልጆች ከየት እንደመጡ ያወቀ የለም፤ ተጠያቂም አልተገኘም። ሦስተኛ፣ ማታ ማታ ልጆች ያልሆኑ ሰዎች አሸዋው ላይ ተቀምጠው ያመሻሉ።

የልጅቱ እናት በስብሰባው ላይ ተነሥታ ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲህ ያለችውን እናት «ባልንጀራሽን ውደጂ» ብሎ ማለፍ መንፈሳዊነት አይደለም፤ በሌላ ሰው ልጅ ክንድ ላይ ቸር መሆን ነው።

ቃሉም ቢሆን ከጎኗ የሚቆምበት ቦታ አለ። በዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ታዝዟል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። እግዚአብሔር «ሰው ራሱ ተጠንቅቆ ይሂድ» አላለም። የንብረት ባለቤት በንብረቱ ላይ ለሚደርሰው አደጋ ኃላፊነት አለበት። ኃላፊነት ያለበት ሰው ደግሞ «ማን ይገባል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ከምሁራንም ዘንድ የሚያግዘው ሐሳብ አይጠፋም። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ዕድሜ ልኳን ያጠናችው የጋራ ሀብትን ነው፦ የጋራ ግጦሽን፣ የጋራ መስኖን፣ ዓሣ የሚሰገርበትን ውኃ። ብዙዎች «የሁሉም የሆነ ነገር መጥፋቱ አይቀርም» ሲሉ እርሷ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይጠፉ የቆዩ የጋራ ሀብቶችን አገኘች። ጸንተው ከቆዩት ዘንድ ካገኘቻቸው የጋራ ባሕርያት የመጀመሪያው ግልጽ ወሰን ነው፤ ማን ተጠቃሚ እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ የታወቀበት።

ስለዚህ ወሰን ማበጀት በራሱ ክፋት አይደለም። ነህምያም ቅጥር ሠርቷል። እጄን ያነሣሁት ይህን ሁሉ አስቤ ነበር፤ ዛሬም ያን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነው አልልም።

«የእኛ» ስንል

ነገር ግን «የእኛ» የሚለውን ቃል ጠጋ ብለን እንየው። አንድ ነገር የእኛ የሚሆነው በምን በምን መንገድ ነው?

ሕጉን ብንጠይቅ መልሱ አጭር ነው። ስለ ጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 እያንዳንዱ ባለቤት የራሱ ቤት እንዳለው ሁሉ ደረጃው፣ ግቢውና የመሳሰለው የጋራ መጠቀሚያ መሆኑን፣ ይህንንም የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር እንደሚያስተዳድረው፣ ወጪውንም አባላቱ እንደሚያዋጡ ይደነግጋል። በዚህ መሠረት ማኅበሩ ስለ መጫወቻው ደንብ ቢያወጣ ከሥልጣኑ አልወጣም።

ሆኖም ሕጉ የሚለውን እስከ መጨረሻው እንከተለው። አዋጁ የሚናገረው ስለ ቤት ባለቤቶች ነው። በግቢያችን ከሚኖሩት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ተከራዮች ናቸው። «የባለቤት ብቻ» ብንል ኖሮ የግማሹን ግቢ ልጆች ማስወጣት ነበረብን። ያን ስላልፈለግን «ነዋሪ» አልን። ያን ጊዜ ሳናስተውለው አንድ እርምጃ ተራመድን፤ ከወረቀት ወጥተን ወደ ኑሮ መጣን። «ወረቀት ባይኖረውም እዚህ ስለሚኖር የእኛ ነው» አልን። አስፋልቱን ተሻግሮ የሚኖረው ልጅ ጥያቄም ይኸው ነው፤ የርቀቱ መጠን ብቻ ነው የሚለየው።

አሁን ደግሞ ቤቱ እንዴት እጃችን እንደገባ እናስብ። በአዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም በ1997 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በ2005 ዓ.ም ለሁለተኛ ጊዜ ሕዝቡ ተመዘገበ። 20/80 ተብሎ የሚጠራው እጅ ሃያውን እጅ ቆጥቦ ሰማንያውን በባንክ ብድር መክፈል ነው። ብዙ ሰው ተመዘገበ፤ ብዙ ሰው ቆጠበ፤ ቤቱ ግን የወጣው በዕጣ ነው። ዕጣ የወጣለት ቤተሰብ እልል አለ። በቤተ ክርስቲያናችንም መድረክ ላይ ወጥተው የመሰከሩ ነበሩ፤ «ጌታ አደረገልኝ» ብለው። ልክ ናቸው። የቆጠቡት ላብ የራሳቸው ነው፤ ዕጣው ግን የእነርሱ ሥራ አልነበረም። አጠገባቸው እኩል ቆጥቦ ዕጣ ያልወጣለት ሰው አለ። የዚያ ሰው ልጅ ምናልባት አሁን ከአጥሩ ውጭ ቆሟል።

መሬቱስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እኛ የያዝነው ይዞታ እንጂ ሌላ አይደለም። ጀሞ፣ ለቡ፣ ይህ የእኛ ሰፈር ሁሉ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት እርሻ ነበር። ሸርተቴው የቆመበት መሬት ላይ ሌላ ሰው ጤፍ አጭዷል። ዘሌዋውያን 25 ላይ እግዚአብሔር ለእስራኤል መሬቱ የእርሱ እንደሆነ፣ እነርሱም በእርሱ ዘንድ እንግዶች እንደሆኑ ሲነግራቸው ርስታቸውን እየቀማቸው አይደለም። ርስቱን አጥብቆ የያዘው እጃቸው በጥቂቱ እንዲላላ ነው።

በሥጦታ ያገኘ ሰው የማስተዳደር ሥልጣን አለው። ያገኘው በሥጦታ መሆኑን የረሳ ሰው ግን በዚያው ሥልጣን ክፉ ያስተዳድራል።

ወይኑና ዘንቢሉ

እዚህ ላይ «ታዲያ ሁሉን ለሁሉ እንክፈት?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በነገሮች መካከል ልዩነት አለ። በግቢያችን ሮቶ አለ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ነፍስ ነው። ማዶ ያለው ሰው አንድ ጀሪካን ቢቀዳ የእኛ ውኃ በአንድ ጀሪካን ይጎድላል። ልጅ በሸርተቴ ቢወርድ ግን ሸርተቴው አይጎድልም።

ከዚህም አልፎ ጨዋታ የሚበዛው ሲካፈሉት ነው። እስቲ ልጅነታችሁን አስታውሱ። ሰኞ ማክሰኞ፣ ድብብቆሽ፣ ሌባና ፖሊስ፣ ብይ፣ የካልሲ ኳስ፤ ከእነዚህ ውስጥ ብቻውን የሚጫወቱት የትኛው ነው? «አንድ ሰው ጎደለን» ብላችሁ የማታውቁትን ልጅ ከመንገድ ጠርታችሁ አታስገቡም ነበር? ለልጆች ጨዋታ ሌላው ልጅ ቀማኛ አይደለም፤ ራሱ ጨዋታው ነው።

ዘዳግም 23፥24-25 ላይ ያለው ሕግ በዚህ ረገድ እጅግ ብልህ ነው። ወደ ባልንጀራህ የወይን ቦታ ስትገባ እስክትጠግብ ብላ፤ ወደ ዕቃህ ግን ምንም አታግባ ይላል በአጭሩ። ወደ እህሉም ስትገባ በእጅህ ቅጠፍ፤ ማጭድ ግን አታንሣ። አስተውሉ፦ የወይኑ ቦታ ባለቤት አለው። ባለቤትነቱ አልተሻረም፤ ዘንቢል ይዞ የሚመጣውን የመከልከል መብት አለው። በመንገድ አልፎ የራበውን ሰው ግን መከልከል አይችልም። ሕጉ ሰዎችን «ነዋሪ» እና «ነዋሪ ያልሆነ» ብሎ አልከፈለም። የከፈለው ድርጊትን ነው፦ መብላትና መሸከም፣ መቅጠፍና ማጨድ።

ደቀ መዛሙርቱም ሰንበት ላይ እሸት ሲቀጥፉ የተከሰሱት በሰንበት ስለቀጠፉ እንጂ የሰው እርሻ ስለነኩ አልነበረም። የሰው እርሻ ላይ ያለ የመንገደኛ ጉርሻ በዚያ አገር የታወቀ ነበር።

ወደ ግቢያችን እንመልሰው። ሰንሰለቱን የበጠሰው፣ ታናሿን ልጅ የገፋው፣ ማታ አሸዋው ላይ የሚያመሸው ማጭድ ይዞ የገባ ነው። እርሱን መከልከል ተገቢ ነው፤ ብሎክ 4 ቢኖርም እንኳ። ያ የስምንት ዓመት ልጅ ግን በእጁ ምንም አልነበረም። በማስታወቂያችን የከለከልነው ማጭዱን ሳይሆን መንገደኛውን ነው።

አጥር የሚያስተምረው

«ነዋሪ ያልሆነ» የሚለው ቃል ፊት የለውም። ስብሰባ ላይ ሲነገር ማንንም አያሳይም። ፊት ስንሰጠው ግን እነማን ይወጡበታል? ከበሩ አጠገብ ጉሊት ዘርግታ ቲማቲም የምትሸጥልን ሴት ልጅ። በየቤታችን የምታጥብልን እናት አዝላ ያመጣችው፣ አሁን እግር ያወጣው ሕፃን። ከሁሉም ደግሞ ልቤን የነካኝ ጥበቃው ራሱ ነው። እርሱም ሁለት ልጆች አሉት፤ እነርሱም የግቢው ነዋሪ አይደሉም። እኛ ደመወዝ የምንከፍለው የሌላውን ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ እንዲመልስ ነው። የራሱ ልጆች ቢመጡም ሊመልሳቸው ይገባዋል ማለት ነው።

«የማን ልጅ ነህ?» በሰፈራችን የቆየ ጥያቄ ነው። ድሮ አንድ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲጠይቅህ ሊገሥፅህ፣ ሊልክህ ወይም ሊያጎርስህ ነበር። «የእገሌ ልጅ ነኝ» ስትል «እህ! የእርሱ ልጅ ነህ እንዴ? ና ግባ» ትባል ነበር። ጥያቄው ሐረግ ፈልጎ ሊያስጠጋህ ነበር የሚጠየቀው። እኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንኑ ጥያቄ ሰው ማባረሪያ አደረግነው።

ይህ የእኛ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የእንግሊዝ ጋዜጣ አንድ ዜና ይዞ ወጣ። በደቡብ ለንደን ላምቤዝ በሚባል አካባቢ በአንድ የመኖሪያ ግቢ ውስጥ ቤት የገዙ ሰዎችና በአነስተኛ ኪራይ የሚኖሩ ቤተሰቦች ጎን ለጎን ይኖራሉ። የገዙት ሰዎች ልጆች ወደ መጫወቻው ይገባሉ። የተከራዮቹ ልጆች ግን በመስኮታቸው እያዩት ሊገቡበት አልቻሉም፤ በመካከል አጥር ሆኖ የተተከለ ቁጥቋጦ ነበር። የተሰጠው ምክንያት ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ተከራዮቹ የግቢውን የአገልግሎት ክፍያ አይከፍሉም። ከዜናው ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ግን ቤቱን ከገዙት መካከል ከተከራዮቹ ጋር አብረው የተቃወሙ መኖራቸው ነው። የከፈሉት ራሳቸው «በእኛ ስም ልጅ አይከልከል» አሉ። ብዙ ሳይቆይ መከልከሉ ቀረ።

እነዚያ ወላጆች የተረዱት ይመስለኛል፤ አጥር ውጭ ያለውን ልጅ ብቻ አያስተምርም። ውጭ ያለው ልጅ «አንተ የማንም አይደለህም» የሚለውን ይማራል። ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ «ደስታህ ሌላው ባለመግባቱ የተጠበቀ ነው» የሚለውን ይማራል። ከሁለቱ የትኛው ትምህርት ይበልጥ ነፍስን እንደሚጎዳ እርግጠኛ አይደለሁም። የመጀመሪያውን የተማረ ልጅ ሊፈወስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ሁለተኛውን የተማረ ግን መታመሙን ሳያውቅ በቤተ ክርስቲያን ሊያድግ ይችላል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳዩ ከተሞች አሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አምስተርዳም በድህነት ላይ ሳለች አልዶ ቫን አይክ የሚባል አርክቴክት እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሠላሳ ዓመታት ውስጥ ከ700 የሚበልጡ የልጆች መጫወቻዎችን ነድፏል። ብዙዎቹ የተሠሩት ባዶ በቀሩ፣ ቤት በፈረሰባቸው ትንንሽ ቦታዎች ነበር፤ ያለ አጥር፣ በመንገድ ዳር። በእኛም ከተማ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ በተመረጡ እሑዶች አንዳንድ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለሰው ሲከፈቱ አስፋልቱን ቀድመው የሚሞሉት ልጆች ናቸው። አንድም ጥበቃ «ብሎክ ስንት?» አይላቸውም።

ነቢዩ ዘካርያስ በፈረሰችው ኢየሩሳሌም ፊት ቆሞ የምትመጣውን ከተማ ሲያይ ያያት እንዲህ ነው። በምዕራፍ 8 ላይ በዕድሜ ብዛት ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች በአደባባይ ተቀምጠዋል፤ የከተማይቱም አደባባዮች በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ተሞልተዋል። የተባረከች ከተማ ምልክቷ ይህ ነው። ሽማግሌ በሰላም ይቀመጥባታል፣ ልጅ ይጫወትባታል፤ «የማን ልጆች?» የሚለው አልተጻፈም።

የእኛስ ግቢ?

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ወደ ኮሚቴው ልሄድ ተነሣሁ። ንግግሬንም አዘጋጀሁ። ከዚያ አንድ ነገር አስቆመኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ አላት። ሰፊ ነው፤ ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ ሣር። እሑድ ይሞላል፤ ረቡዕ ማታ ለጸሎት፣ ቅዳሜ ለመዘምራን ይከፈታል። በቀረው ጊዜ በሩ ተቆልፎ ነው የሚውለው። የዚያ ልጅ ቤት ከኮንዶሚኒየሙ ይልቅ ለቤተ ክርስቲያናችን ይቀርባል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በዚያ በር ፊት ያልፋል። የሚጫወተው ግን አስፋልት ዳር፣ ሚኒባስና ሲኖትራክ በሚያልፍበት ነው።

«ለምን ይቆለፋል?» ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ የኮሚቴው መልስ ነበር፤ ቃል በቃል። ሣሩ ይበላሻል፤ ዕቃ ይጠፋል፤ ልጅ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል?

ማርቆስ 10 ላይ ሕፃናትን ወደ ጌታ ሲያመጡ የከለከሉት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። ሮማውያን አልከለከሉም፤ ፈሪሳውያን አልከለከሉም። ቅርብ የነበሩት፣ ሥርዓት ለማስከበር የተጉት፣ መምህራቸው እንዳይጨናነቅ ያሰቡት ከለከሉ። ጌታ በጠላቶቹ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ተቆጣ። ይህን ክፍል ለልጆች ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ሥዕሉንም እቀባላቸው ነበር፤ ጌታን መሃል፣ ልጆቹን ዙሪያውን። ደቀ መዛሙርቱን ግን ቀብቼ አላውቅም። እኔ የምቆምበት ቦታ እዚያ መሆኑ አልታየኝም ነበር።

ሕጉ በማን ላይ ይሁን?

ስለዚህ ሁለት ቦታ ሄድኩ፤ በመጀመሪያ ወደ ሽማግሌዎቻችን፣ ቀጥሎ ወደ ኮሚቴው። ለሁለቱም ያቀረብኩት ሐሳብ አንድ ነው፤ ደንቡ በድርጊት ላይ እንጂ በሰው ማንነት ላይ አይሁን።

የዘዳግም 22ን ሕግ መልሳችሁ እዩት። ሰው ከሰገነት እንዳይወድቅ ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ «ከቤተ ሰብህ በቀር ማንም ወደ ሰገነትህ አይውጣ» ማለት ነው። እግዚአብሔር ያዘዘው ይህን አይደለም፤ መከታ ሥራ አለ። ጥንቃቄን ጠየቀ፤ በሩን ዝጋ ግን አላለም።

ኦስትሮምም ቢሆን ስለ ወሰን ከተናገረች በኋላ አላቆመችም። ጸንተው በቆዩ የጋራ ሀብቶች ዘንድ ደንቡ የሚነካቸው ሰዎች ደንቡን በማውጣትና በማሻሻል ይሳተፋሉ ትላለች። በእኛ ስብሰባ ላይ ከአስፋልቱ ማዶ ያለች አንዲት እናት እንኳ አልነበረችም። የወሰንነው በእርሷ ልጅ ላይ ነው፤ የጠየቅናት ነገር ግን የለም።

መከታው በእኛ ግቢ ምን ይመስላል? ሰዓት ይወሰን፤ ከመሸ ማንም አይቀመጥ። ዕድሜ ይወሰን፤ ትንሹ ሸርተቴ ለትንንሾች ይሁን። ዐዋቂ ይገኝ፤ የሚያይ ሰው በሌለበት አይከፈት። የሚያበላሽ ቢገኝ፣ የውስጥም ይሁን የውጭ፣ ለተወሰነ ቀን ይከልከል። ወጪው ደግሞ እውነተኛ ስለሆነ «ፍቅር ይሸፍነዋል» ብለን አንለፈው፤ የሚችል ያዋጣ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አባት እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያም «ጥሩ ነው ልጄ፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሞ የሚጠብቀው ማነው?» አሉኝ። ጥያቄው የሚገባ ነው። በጎ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። በሰው ጉልበት ቸር መሆን ቀላል ነውና። የወጣቶች ኅብረታችንን ጠየቅሁ፤ ስድስት ልጆች በፈረቃ እንቆማለን አሉ። ኮሚቴው ለሦስት ወር ሙከራ ቅዳሜ ከስምንት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት እንዲከፈት ፈቀደ። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በሩን ትከፍታለች።

ሁሉም ሰው ደስ አላለውም። ክንዷ የተሰበረው ልጅ እናት አሁንም አልተስማማችም፤ ልጇን ቅዳሜ አታወርዳትም። እኔም «እመኚ» ብዬ አልተጫንኳትም። የእርሷን ፍርሃት የሚያስወግደው የእኔ ሙግት ሳይሆን በሦስት ወር ውስጥ ሌላ ልጅ አለመጎዳቱ ነው። ይህም በጸሎት ብቻ ሳይሆን ዓይን ከፍቶ በመቆም የሚገኝ ነው። ልጁ ቢበዛና ቦታው ቢጠብስ? ያን ጊዜ ተራ ማስያዝ እንጀምራለን፤ ለነዋሪው ቅድሚያ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ በሚለው ላይ አሁንም ልቤ ሁለት ነው። እናንተም ተነጋገሩበት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ያን ልጅ በር ላይ ጠበቅሁት። ልነግረው ያሰብኩት ነገር ነበር፤ ይቅርታ ልጠይቀው። «ባለፈው ሳላስገባህ የቀረሁት ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ በትከሻዬ በኩል ወደ ውስጥ ተመለከተ።

«ዥዋዥዌው ተሠራ እንዴ?» አለኝ።

ጥበቃው ሳቀ። «የማን ልጅ ነህ?» አለው እንደ ልማዱ፤ መልሱን ሳይጠብቅ በሩን ገፋ አደረገለት።

ለቡድን ውይይት

1. በምትኖሩበት ሰፈር «ለነዋሪ ብቻ» ወይም «ለአባል ብቻ» የተባለ ምን አለ? ከእነዚህ ውስጥ እንደ ሮቶው የሚጎድለው የትኛው ነው? እንደ ሸርተቴው የማይጎድለውስ?

2. ዘዳግም 22፥8ን እና 23፥24-25ን አብራችሁ አንብቡ። የባለቤቱ መብትና ግዴታ በእያንዳንዱ ክፍል ምንድን ነው?

3. ክንዷ የተሰበረው ልጅ እናት የቡድናችሁ አባል ብትሆን ምን ትሏት ነበር? ከመናገራችሁ በፊት ምን ልታደርጉላት ይገባ ነበር?

4. የቤተ ክርስቲያናችሁ ግቢ በሳምንት ስንት ሰዓት ክፍት ነው? ለማንስ? በሩ ቢከፈት ቆሞ የሚጠብቀው ማነው?